ቫርኒሽ፣ ኤፖክሲ፣ የተልባ ዘይትና ሰም፦ አንዲት የዋንዛ ሳጥን ሁለት ክረምት ያየችው ፈተና

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ ነጠላ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ላይ በእጄ የሠራኋት የእንጨት ሳጥን አለች፣ ጤና አዳምና በሶብላ ተክዬባታለሁ። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት የታች ቤቷ እትዬ ነጭ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆመዋል፣ ነጠላው ሻይ የተደፋበት ይመስላል። "ልጄ፣ ካንተ ቤት የሚንጠባጠበው ምንድነው?" አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ነጠላውን ተቀበልኩ (አጥቤ መለስኩላቸው፣ እድፉ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም)። ከዚያ ወደ በረንዳ ወጥቼ ሳጥኗን ብድግ ሳደርጋት የወለሏ ጣውላ እንደ ራሰ ዳቦ ጣቴን አሰመጠው። "ጠብታ ውሃ አያስገባም" ተብሎ የተሸጠልኝን ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ የተቀባች ሳጥን እኮ ናት!

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ሌላ ሳጥን ሠራሁ። ከትርፍራፊ ጣውላ ትንንሽ መሞከሪያ ቆርጬ በረንዳው ላይ ደረደርኩ፣ ባለቤቴም "ይሄ ቤት ነው ወይስ የአናጢ ሱቅ?" ማለት ጀመረች። እንጨቱ ይታይ፣ ውሃው ግን አይግባ ለሚል ሰው ነው የምጽፈው። የእንጨቱ መስመር ባይታይም ግድ የለኝም የሚል ዘይት ቀለም ይቀባና ይገላገል። ያማከርኩት አናጢም "ከውስጥ ሬንጅ፣ ከውጭ ቀለም፣ በቃ አለቀ" ነው ያለኝ። ልክ ነው። ግን ዋንዛ ነዋ! ከበሮና ሙቀጫ የሚፈለፈልበት እንጨት። ሲላግ መሐሉ ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ ነው፣ ዳር ዳሩ ነጣ ይላል፣ መስመሩም ጎበጥ ቀና እያለ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። ያንን በቀለም መለቅለቅ ዶሮ ወጥ ላይ ካቻፕ እንደማፍሰስ ነው።

ለማወቅ ያህል፣ ሳጥኗ 80 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ ወርዷ 25፣ ከፍታዋ 30 ነው። ጣውላው 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ከሥሯ ውሃ የሚወጣበት አራት ቀዳዳ አላት።

መጀመሪያ ቫርኒሹ። የገዛሁት ከአንድ ቀለም ቤት ነው፣ ስሙ ይቅር። ሻጩ ያወጣልኝ ክዳኑ ቀድሞ የተከፈተ ቆርቆሮ ነበር። "ለደንበኛ ሳሳይ ከፍቼው ነው" አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ደርሼ ሳየው ቀጥኗል፣ ሽታውም ተነር ተነር (ቀለም ማቅጠኛው) ይላል። ቢሆንም ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ወር ላይ የምታበራው ማር የተቀባች መስላ ነበር፤ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ልኬያለሁ። ጥር ላይ ፀሐይ የሚያገኛት ጎን መሰንጠቅ ጀመረ። መጋቢት ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በስንጥቁ ሾልኮ ከቫርኒሹ ሥር ተኛ፣ እንጨቱም እዚያው ጠቆረ። ወደ ሻጩ ተመልሼ ሄድኩ። "እንዴ፣ ውጭ ነው ያስቀመጥካት?" አለኝ። ውሃ የማያስገባ ነገር ሳሎን ውስጥ ምን ሊሠራልኝ ነው?

ለነገሩ ጥፋቱ የተነሩ ብቻ አይደለም፤ ያልተበረዘ ቢሆንም ትንሽ ይቆይ ነበር እንጂ መላጡ አይቀርም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ የዋህ ይመስላል እንጂ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ጨረሩን ያሳልፈዋል። ጨረሩም ከሥር ያለውን የእንጨቱን ገጽ ይበላዋል፣ ከዚያ ቫርኒሹ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። ቀለም ግን ጨረሩን ራሱ ያግደዋል። መስመሩ ይታየኝ ማለት ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ እንጨት አርፎ አይቀመጥም፣ በክረምት ያብጣል በበጋ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ በወርዱ ግን ይንቀሳቀሳል። ሐምሌ ላይ አልዘጋ የሚል የእንጨት በር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድርቅ ያለ ቫርኒሽ እንጨቱን እየተከተለ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል።

ውጭ ላለ ዕቃ ከ10 ሦስት እሰጠዋለሁ። ቤት ውስጥ ላለ መደርደሪያ ስምንት፤ አልበድለውም።

ፈርኒቸር ቤቶች በመርጫ የሚነፉት ላከርም አለ። ለአልጋና ለቁም ሳጥን ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዝናብ ቀን ከተነፋ ደግሞ ርጥበቱ ውስጡ ተይዞ ነጭ ደመና ይሠራል፣ የኔ መሞከሪያ እንጨት ላይ የሆነውም እሱ ነው። የጀልባ ቫርኒሽ የሚባልም አለ፤ ከነፋስ ጋር ለሚታጠፍ የመርከብ ምሰሶ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለስለስ ይላል፣ ከእንጨቱ ጋር ይለጠጣል፣ ጨረር የሚቀንስ ነገርም ይጨመርበታል። ዱባይ ያለችው እህቴን ላኪልኝ አልኳት። "ተቀጣጣይ ነገር በሻንጣ ይዤ አውሮፕላን ልሳፈር? ልታሳስረኝ ነው?" ብላ ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው።

አሁን ወደ አክስቴ። አክስቴ ለበዓል መጥታ የተላጠችውን ሳጥን ዙሪያዋን አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ውስጧን አየች። "ውስጡንስ ምን ቀባኸው?" ምንም አልኳት። ውስጡ አፈር ነው፣ ማን ያየዋል? "አንተ! ምጣድ የሚሟሸው በየት በኩል ነው? እንጀራው በሚጋገርበት ነው በጀርባው?"

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ቫርኒሹን የቀባሁት ሰው በሚያየው በኩል ነው፣ ውሃው ግን የሚመጣው ከውስጥ ከአፈሩ ነው። ውስጡ ራቁቱን ነው፣ ውጭው የታሸገ። ውሃው ከአፈሩ ወደ ጣውላው ይገባል፣ ጣውላውን አልፎ ወደ ውጭ ሊተን ሲል ቫርኒሹ መንገድ ይዘጋበታል፣ ከዚያ ወይ ቫርኒሹን ከሥሩ ይፈነቅለዋል ወይ እዚያው ተኝቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ሳጥኗን ከውሃ ጠበቅኳት ስል ውሃውን ቆልፌባት ኖሯል። ሌላው ስህተቴ የጣውላዎቹ ጫፍ ነው። እንጨት እንደ ታሰረ የገለባ ነዶ ነው፤ በጎኑ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ግን ይመጠዋል። እኔ ደግሞ ጫፎቹን አንድ ጊዜ ብሩሽ አሳይቻቸው ነው ያለፍኩት።

ስለዚህ ሁለተኛዋን ሳጥን ከውስጥ ጀመርኩ፣ በኤፖክሲ። ሁለት ጠርሙስ ነው፣ ሙጫና ማጠንከሪያ፣ ሲደባለቁ እንደ ፕላስቲክ ድርቅ ይላሉ፤ የኔው በክብደት 2 ለ 1 የሚደባለቅ ነበር። ልኩን በዓይን ግምት የሚያደርግ ሰው አይንካው፤ ትንሽ ከተዛባ ሳይጠነክር ዕድሜ ልኩን እጅ ላይ እየተጣበቀ ይቀራል። እኔ የኩሽና ሚዛን ሰርቄ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም አንድ ኩባያ ውስጥ ደባለቅኩትና ብሩሽ ፍለጋ ገባሁ። ስመለስ ኩባያው ይጨሳል! ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲታጨቅ ሙቀቱ መሄጃ ስለሌለው ራሱን እያጣደፈ ይፈላል። በሰፊ ዝርግ ዕቃ፣ በትንሽ በትንሹ ደባልቁት።

ሌላው ያሰለቸኝ አረፋው ነው። ጠዋት ቀብቼ ፀሐይ ሲሞቅ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ወጣና ልባሱ ላይ ቡግር በቡግር አደረገው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ አመሻሽ ላይ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር መቀባት። ያኔ እንጨቱ አየር ከማውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ኤፖክሲውንም አብሮ ይጎትተዋል። ሦስት ስስ ልባስ ሰጠሁት። በየመሐሉ ላዩ ላይ የምትቀረውን የምታሟልጭ ነገር በውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሻሸሁ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፤ ቆዳን ደጋግሞ ከነካ አለርጂ ያመጣል።

ቀዳዳዎቹ ላይ የሠራሁትን በተለይ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዋ ሳጥን መበስበስ የጀመረችው ከዚያ ነው። ቀዳዳ ስትበሱ አዲስ ራቁት እንጨት ነው የምትከፍቱት፣ ውሃው ደግሞ ሁሉም የሚወጣው በዚያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በ16 ሚሊ ሜትር በሳሁት፣ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፌ በኤፖክሲ ሞላሁት፣ ሲጠነክር ደግሞ መሐል ለመሐል በ10 ሚሊ ሜትር እንደገና በሳሁት። አሁን ውሃው የሚያልፈው በኤፖክሲ ቧንቧ ውስጥ ነው፣ እንጨቱን አያገኘውም። ጀልባ ሠሪዎች ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ውበቱስ? መስመሩን ያጎላዋል፣ ውሃ እንደነካው እንጨት ጠቆር አድርጎ ያሳየዋል። ሲወፍር ግን የምጠላው ነገር ይመጣል፣ እንጨቱ ፕላስቲክ ውስጥ የታሰረ ይመስላል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ቢጫ ይሆናል፣ ውሎ አድሮም ይፈረካከሳል። አፈር ለሚሸፍነው ለውስጡ ዘጠኝ እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ስለ ዋጋው ነው። ለውጭ አራት።

ውጭውን እንግዲህ አሟሸሁት። ምጣድ ሲሟሽ የተፈጨ ጎመን ዘር በሚግለው ሸክላ ላይ ይታሻል፣ ዘይቱ ወደ ሸክላው ቀዳዳ ይገባና በሙቀቱ እዚያው ይጠነክራል፣ ከዚያ እንጀራው አይዝም። የተልባ ዘይት እንጨት ላይ ያንኑ ይሠራል፣ ሳይጋል። ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል እንጂ እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም። ዘይት ሁሉ ግን እንዲህ አይሆንም። አክስቴ "ኑግ ዘይት አለ አይደል ቤት ውስጥ" ስላለች አንዱን መሞከሪያ በኑግ ቀባሁት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጣበቅ ቆየና አቧራውን ሁሉ ሰበሰበ። አንዲት ዝንብ እስካሁን እዚያው ናት።

ለጤና ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ነው የተጠቀምኩት። ቀለም ቤት የሚገኘው "የተቀቀለ" የሚባለው በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ ማድረቂያ ብረታ ብረት ስለሚጨመርበት ለምግብ ዕቃ አይሆንም፤ ለአበባ ሳጥን ችግር የለውም። የኔው ጥሬው ስለነበር ትዕግሥት ጠየቀ። አቀባቡ ላይ ሰው የሚሳሳተው አብዝቶ ነው። በጨርቅ ትቀባላችሁ፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ያልጠጣውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጋችሁ ትጠርጋላችሁ። ላዩ ላይ የቀረው ማስቲካ ይሆናል። ፀሐይ ላይ እያስቀመጥኩ፣ በየመሐሉ ሳምንት እየሰጠሁ አራት ጊዜ ቀባሁት። ጫፎቹን ግን እምቢ እስኪሉ አጠጣኋቸው።

ከዚያ ሰም። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ነጭ ሻማ አብዛኛው ፓራፊን፣ ማለትም ከነዳጅ የሚወጣ ሰም ነው፣ እኔ የፈለግኩት የንብ ሰም ነው። ጠጅ ሲጣል የሚቀረውን ሰፈፍ ከአንድ ጠጅ ቤት ገዛሁ። ርካሽ ነው፣ ግን ቆሻሻ ነው፤ ከውሃ ጋር አፍልቼ በሻሽ አጠለልኩት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከውሃው በላይ ተንሳፎ ረጋ። ቤቱ ለሁለት ቀን ጠጅ ጠጅ ሲሸት ከረመ፣ እንግዳ የመጣ ሁሉ ይጠይቀኛል። 50 ግራም ሰም ከ200 ግራም የተልባ ዘይት ጋር፣ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ውስጥ አቀለጥኩት። በቀጥታ እሳት ላይ እንዳታደርጉት፤ ሰሙ 63 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚቀልጥ የፈላ ውሃ ይበቃዋል። ሲበርድ እንደ ቅባት ይሆናል። በጨርቅ አሸሁት፣ ጫፎቹ ላይ የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ ይዤ እያሞቅሁ አሰረግሁት።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ ይታፈንና ጨርቁ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። እኔ ይህን ቀድሜ ሰምቼ እንኳን አንዱን ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ረስቼው ነበር፤ ማታ ሳነሳው ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ደንግጬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ወይ ገመድ ላይ ዘርጉት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ክተቱት።

ውጤቱ? ውሃ ሲረጭባት እንደ ዳጉሳ ፍሬ ድብልብል እያለ ይወርዳል። አታብለጨልጭም፣ እንጨት ትመስላለች፣ በእጅ ስትዳሰስም እንጨት ናት። ፀሐይ አይልጣትም፣ የሚላጥ ነገር የላትምና፤ ቀስ እያለች ትገረጣለች እንጂ። ስትገረጣ መፋቅ የለ፣ መላግ የለ፣ በጨርቅ መድገም ነው። ከውስጥ የሾለከ ትንሽ ርጥበት ቢኖርም በውጭ በኩል መተንፈሻ አለው። ድክመቱን ደግሞ አልደብቅም። ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ ላይ አይበቃም፤ በዘይትና በሰም ብቻ የሠራሁትን ትንሽ ሳጥን ውሃ ሞልቼ ባሳድራት ጠዋት ከሥሯ ረጥባ አገኘኋት። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፀሐይ በማያገኘው ጎን ጥቁር ነጠብጣብ የሻጋታ ነገር ወጣ፣ የተልባ ዘይት ለሻጋታ ምግብ ነው። በሆምጣጤ ጠርጌ አነሳሁት። ለውጭ ስምንት ከግማሽ፣ ለውስጥ አምስት።

ሁለቱን አጣምሮ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ቅደም ተከተሉን ይያዝ። ኤፖክሲው ይቀድማል። ዘይትና ሰም የጠጣ እንጨት ላይ ኤፖክሲ አይዝም። የውስጡ ሥራ አልቆ በደንብ ሲጠነክር ነው ወደ ውጭው መውጣት። ከሥርም ሁለት ሳንቲ ሜትር የምታህል እግር ስጧት፣ ወለል ላይ ከተለጠፈች ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ክትፎ ማቅረቢያ ገበታ ወይም የዳቦ ሳህን የሠራችሁ ከሆነ ኤፖክሲውን እርሱት። ጥሬ የተልባ ዘይት በደንብ ደርቆ፣ ከላዩ የንብ ሰም፣ ይበቃል። የምግብ ዘይትና ቅቤ ይቆይና ይሸታል። ፋርማሲ የሚሸጠው የፓራፊን ዘይት አይሸትም፣ ግን መቼም ስለማይደርቅ እየታጠበ ይሄዳል፣ ቶሎ ቶሎ መድገም ነው።

የታች ቤቷ እትዬ ባለፈው ወር ወጥተው አይተዋታል። ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው ያዩዋት፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳበሷት። "ደረቅ ናት" አሉ። ቀጥሎ ለሳቸውም አንድ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ፣ ለነጠላው ካሳ መሆኑ ነው። ጣውላው ተቆርጧል። የኔዋም ፀሐይ የሚበዛበት ጎኗ ላይ ውሃው መደብለሉን ትቶ መስረግ ጀምሯል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ሁለቱንም አንድ ላይ ዘይት እቀባለሁ። ጨርቁን ገመድ ላይ አሰጣለሁ፤ እትዬ ልብስ ሳያሰጡ መሆን አለበት።